ውኃ ፈልጌ የጠራሁት ስም

ጆሮዬ መምገል የጀመረው ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ግራው። ክረምት ሲገባ ይፈሳል፣ በጋ ሲሆን ይደርቃል። እናቴ በስንጥር ጫፍ ጥጥ ጠቅልላ ትጠርግልኝና ለብ ያለ የኑግ ዘይት ጠብ ታደርግልኝ ነበር። ዳባት ውስጥ ጆሮው የማይፈስ ልጅ ያለ ስለማይመስለኝ በሽታ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። የሚያስጨንቀኝ ሽታው ብቻ ነበር። ሰው አጠገብ ስቀመጥ ሁልጊዜ በቀኜ እንዲሆን አደርግ ነበር፤ በግራዬ የተቀመጠ ካለ አፌን አልከፍትም። ዝምተኛ ናት የሚለው ስም የወጣልኝ ግማሹ ከዚህ ነው። ግማሹ ተፈጥሮዬ ነው።

ይህን የምጽፈው፣ የልጁ ጆሮ እየፈሰሰ ሲያድግ ይተወዋል የሚል ወላጅ ካለ እንዲያነበው ነው። እኔን አልተወኝም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ከታሪኩ ጋር እናገራለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ከቀረሁ በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ቀበሌው ፊደል የቆጠረ ሰው ሲፈልግ ስሜን ጻፉ። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ሴቶች አስተምር ጀመር። ዕድሜዬ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጡኛል። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስለማስተምር መጀመሪያ ሰሞን ጀርባዬን እንጂ ፊቴን እንዳላዩት ይቀልዱብኝ ነበር።

የማስተማር ዘዴ ያሳየችኝ መምህርት ዘነበች ናት። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስትሆን ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሴቶቹ ፊደሉን እየለዩ ቃሉን ግን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘው እንደሚያልፉ ስነግራት፣ ቃላቱን ጥንድ ጥንድ አድርጊያቸው አለችኝ። ሁለት ቃል ትጽፊያለሽ፤ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ታስፈልጊያቸዋለሽ፤ ከዚያ ሦስተኛ ቃል ሰጥተሽ አራተኛውን ራሳቸው ያመጣሉ። ቆብ ለራስ እንደሆነ ጫማ ለምን ነው? መልሱን ብቻ እንዳትቀበዪ፣ እንዴት አወቅሽ ብለሽ ጠይቂ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው ትለኝ ነበር።

በዚህ ጨዋታ አንደኛ የነበረችው ታንጉት ናት። ታንጉት ሸክላ ሠሪ ነች። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ከጅረቱ ዳር ትኖር ነበር፤ የቤታችንን እንስራና ድስት ሁሉ የሠራችው እሷ ነች። የእናቴ እኩያ ስትሆን እኔን ጨምሮ ሰፈሩ ሁሉ "አንቺ" ይላታል፤ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ብቻ። ይህ ነውር መሆኑ ያኔ አልታየኝም። ፊደል ስትጽፍ ጣቶቿ ጭቃ እንጂ እርሳስ እንደማይታዘዛቸው እየተናገረች ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ድስት ለወጥ ከሆነ እንስራ ለምን ነው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም "ለውኃ" ሲሉ ታንጉት ብቻዋን "ለጀርባ" አለች። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መምህርት ዘነበች ከኋላ ቆማ ታይ ነበርና፣ ምክንያቷን ከተናገረች ልክ ነች አለች። ታንጉትም ወጥ የሚያርፈው ድስት ላይ፣ እንስራ የሚያርፈው ተሸካሚዋ ጀርባ ላይ መሆኑን አስረዳች። እንስራ ተሸክመው የመጡት ሴቶች ጀርባቸውን እያሻሹ አመኑላት። ስሟን መጻፍ ከቻለች ጀምሮ በእያንዳንዱ እርጥብ ሸክላ ሥር በስንጥር "ታንጉት" ብላ ትጽፍ ነበር። "ጉ" ላይ ስትደርስ ቅጥያዋን ሁልጊዜ በተቃራኒው ታዞራት ነበር። አረምኳት፣ አረምኳት፣ በመጨረሻ ተውኩት።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰሞን ጆሮዬ መፍሰሱን ድንገት አቆመ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ራሴን ያመኝ ጀመር። ሕመሙ ከጆሮዬ ጀርባ ይነሳና እንደ ቡጢ ዓይኔን ይመታኛል። አስመለሰኝ፤ ከዚያ ትኩሳት መጣ። እናቴ በአውቶቡስ ደባርቅ ወሰደችኝ። እዚያ መርፌ የሚወጋ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ ዓይኔን ገልጦ አየና ወባ ነው አለ። ቆላ ወርጄ አላውቅም። የእኛ አገር ውርጭ የገብስ ቡቃያ የሚያቃጥል ነው፤ ወባዋ ከየት ትመጣለች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት ቀን ወጋኝ።

ሲብስብኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ከጠዋት እስከ ቀትር የደንጊያ መደብ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ብርድ ብርድ ሲለኝ አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት ልጇን ከደረቷ ሳታወርድ የጋቢዋን ግማሽ ጣል አደረገችብኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ እስከ ዛሬ የጋቢዋ ሙቀት ትዝ ይለኛል። ተራችን ሲደርስ የራስ ምታት ክኒን ተሰጠን። ጆሮዬን ያየው ሰው የለም። ለምን ጆሮሽን አልነገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ሽታውን አፍሬ ነዋ።

ከዚያ ቃላት ይጠፉኝ ጀመር። እንዴት እንደሚጠፉ መናገር ይከብደኛል፤ ግን ሌላ ሰው ቢደርስበት እንዲያውቀው ልሞክር። ቃሉ ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይሆንም። የምትፈልገውን ስትጠራ ጎረቤቱ ብቅ ይላል። አንድ ጠዋት በርዶኝ እናቴን ነጠላዬን አቀብይኝ ልላት "ሸማኔውን አቀብይኝ" አልኳት። ሳቀች። በማግስቱ ቢላዋውን "ቀጥቃጭ" አልኩት፤ አሁንም ፈገግ አለች። ቄሱ ሊጠይቁኝ ሲመጡ "መስቀሉ መጣ" ስል ግን መሳቋን ተወች። እኔ ደግሞ ያልኩት ስህተት መሆኑ ይሰማኛል፤ የሰው ፊት ሲለወጥ አየዋለሁ። ግን የማርምበት ቃል ራሱ ሌላ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝም ማለት አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዓይነቱን ዝምታ ግን አላውቀውም ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ አዛናው የተጠሩት ያኔ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤታችን የሚታዘዝላቸው እሳቸው ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። በእኛ አገር ሰው ድንገት ታሞ የማይሆን ነገር ሲናገር ቡዳ በልቶታል ይባላል። የሚናገረውም ሕመምተኛው ሳይሆን የበላው ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ስሙን እስኪያወጣ በጢስ እየታጠነ ይጠየቃል። ስም ከወጣ የተጠራው ሰው ይመጣና በሕመምተኛው ላይ ይተፋል፤ ያን ጊዜ ይለቃል ይባላል። አያ አዛናው የሚወዷትን የእህታቸውን ልጅ ለማዳን የሚያውቁትን አደረጉ።

ቀትር ላይ ነው። በጋቢ ሸፍነው ጢሱን ከሥር አኖሩብኝ። ሰፈሩ ቤታችንን ሞልቶታል። ጉሮሮዬ ደርቆ ምላሴ ትናጋዬ ላይ ተጣብቋል። ጋቢው ሲገለጥ የታየኝ ማዕዘን ላይ የተቀመጠው እንስራ ነበር፤ ሆዱ ላብ አውጥቶ ይንጠባጠባል። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከዚያ እንስራ በቀር የምፈልገው ነገር አልነበረም።

"ማነህ? ተናገር፤ ማነህ የበላሃት?" አሉ አያ አዛናው።

እንስራ ልል አፌን ከፈትኩ።

"ታንጉት" አልኩ።

እንደገና ጠየቁኝ። አልሰሙኝም መስሎኝ አሁንም "ታንጉት" አልኩ። ሦስተኛም ጊዜ። እጄንም ወደ ማዕዘኑ ዘረጋሁ፤ ከማዕዘኑ ኋላ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጅረቱና የታንጉት ቤት ነበሩ።

ሮጠው አመጧት። እጆቿ እስከ ክንዷ ጭቃ ናቸው። ምን አድርጌያት ነው፣ መምህሬ ናት እኮ እያለች ነበር የገባችው። አያ አዛናው ትፊባት፣ አለበለዚያ ትሞታለች አሏት። ታንጉት ፊቴን አየችኝ። ሌሎቹ ሁሉ የሚያዩት እኔ ላይ የወጣውን ነገር ነበር፤ እሷ ግን እኔን ነው ያየችው።

"ምራቄ የሚያድናት ከሆነ ምን ገዶኝ" አለችና እንትፍ አለችብኝ።

ይህቺ ንግግር አመነች ተብላ ተተረጎመች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጆሮዬ ፈነዳ። መግልና ደም ትራሱን አረጠበው፤ ሕመሙም ቀለል አለልኝ። በማግስቱ አጥሚት ጠጣሁ። እናቴ እልል አለች፤ ለቀቃት ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማን ሊያስረዳቸው ይችላል? ስሟን ጠራሁ፣ መጥታ ተፋች፣ ተሻለኝ። ሁሉም በዓይኑ አየ።

ስምንት ቀን ቆይቶ ሕመሙ ባሰ። አሁን ቀኝ እጄም ይዝል ጀመር፤ ከአፌ የሚወጣውም ቃል ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ ከሩቅ አገር የመጣ ሆነ። ለዘመቻው ሥራ ገጠር ሰንብታ የተመለሰችው መምህርት ዘነበች ልትጠይቀኝ ገብታ በግራዬ ተቀመጠች። ልሸሻት ብል አቅም አልነበረኝም። ሽታውን እንዳገኘችው ከፊቷ አወቅሁ። ፊቷን አላዞረችም፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዬን አየች። ከዚያ ወጥታ እናቴን አነጋገረቻት። አያ አዛናው የሚያገረሽ ከሆነ ታንጉት እንደገና መትፋት አለባት እንጂ ሆስፒታል ምን ይሠራል ብለው ተከራከሩ። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሟን ቃል አልፋ ያለችንን ላም ሸጠች፤ መምህርቷም ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት አስጻፈችልን።

ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና መንገዱ ላይ ኬላ በዝቷል። ከኮሶዬ አጠገብ ወታደሮች አውቶቡሱን አስቆሙ። አንዱ ወረቀቴን ይዞ ስሜን ጠየቀኝ። ስሜን ፈለግሁት። "ዳባት" አልኩ። እንደገና ሲጠይቀኝ "ደብተር" አልኩ። ከአውቶቡሱ አስወረደኝ። እናቴ እግሩ ሥር ወድቃ ታማ ነው ስትለው እኔ ከገደሉ አፋፍ ነፋስ ላይ ቆሜ፣ የራሴን ስም ከወረቀቱ ላይ እያየሁ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። እንጉዳይ የሚለውን። ያን ቀን ከእናቴም ከሰውም ሁሉ ርቄ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ። ኋላ ሌላ ሽማግሌ ወታደር መጣና ጆሮዬ ላይ የተሰካውን ጥጥ አይቶ አሳለፈን።

ጎንደር ሆስፒታል ያየኝ ዶክተር የውጭ አገር ሰው ነበር። ስማችንን ከመጠየቁ በፊት ጆሮዬን በብርሃን አየ። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ። ሲስተሯ ለእናቴ እንዳስረዳቻት፣ የጆሮዬ መግል ዓመታት ቆይቶ ከኋላ ያለውን አጥንት በልቶ አልፏል፤ ከአንጎሌ በግራ በኩል ተቋጥሮ ተቀምጧል። የሰው ቃላት የሚቀመጡት ደግሞ በብዙ ሰው ዘንድ በዚያው በግራው በኩል ነው። አጥንቱን ከፍተው መግሉን አወጡት። ጥቂት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

እናቴ ቤቱንና ትንሽ ወንድሜን የሚያይላት ስላልነበረ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰች። ሁለት ወር ያህል ብቻዬን ተኛሁ። ግማሽ ራሴ ተላጭቷል። ከግራና ከቀኝ አልጋ ያሉት ሴቶች ሲያወሩ የሚሉትን በአብዛኛው እሰማለሁ፤ መልስ ሳዘጋጅ ግን ወሬው አልፎ ሄዷል። ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ከሳቁ በኋላ ዱዳ ነች ብለው ተዉኝ። ከሰዓት በኋላ የጠያቂ ሰዓት ሲሆን ክፍሉ በሰው ይሞላል፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ የተኛሁ እመስላለሁ። ቡናማ ቱታ የምትለብስ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግን ያችን ሰዓት ታውቅብኝ ነበር። መጥታ የቀረውን ግማሽ ጸጉሬን ሳታናግረኝ ታበጥርልኝና መጥረጊያዋን ይዛ ትሄዳለች።

ዳባት ስመለስ ሰኔ ገብቷል። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ። ግን ከእኔ ጋር የሚቀመጥ አልነበረም፤ ቃል ፍለጋ ስቆም ሰው ይደክመዋል። የማስተምረውም ክፍል ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ይህን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የታንጉትን ነው።

እኔ በሌለሁበት የታንጉትን ሸክላ የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። ከአዳራሹም ሴቶቹ ልጅ ይዘን ከእሷ ጋር አንቀመጥም ስላሉ ቀርታለች። ለማድረቅ ያሰጣቻቸውን ድስቶች ልጆች በድንጋይ ሰብረውባታል። ከቀበሌ አንድ ሰው የእጅ ባለሙያ መስደብ ክልክል ነው ብሎ በስብሰባ ተናግሯል አሉ፤ ማንም አልሰደባትም፣ ዝም ብለው ነው የራቋት። በተመለስኩ በሳምንቱ ከጅረቱ መንገድ ላይ አገኘኋት። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። አፌ ሲከፈት አየችና፣ ምን ስም ይወጣው ይሆን ብላ ነው መሰለኝ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ መንገዱን ለቀቀችልኝ። በዚያው ወር ዕቃዋን በአህያ ጭና ወደ ደባርቅ ሄደች።

እንደዚያን ቀን ቃላቴን ፈልጌያቸው አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ለራሴ ነበር የምፈልጋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለእሷ ሆነ። እንስራ ልል ከአፌ ለምን የእሷ ስም እንደወጣ ግን እኔም አላውቅም ነበር። በልቤ አንዳንዴ፣ ምናልባት እውነት በልታኝ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

መምህርት ዘነበች ክረምቱን አብራኝ ተቀመጠች። ሆስፒታል ይህን ዓይነት ትምህርት የሚሰጥ አልነበረም፤ እሷም ሐኪም አይደለችም። ያው የድሮውን የጥንድ ቃል ጨዋታ ነው ያመጣችው። ቃሉን በቀጥታ ስፈልገው ይሸሸኛል፤ ዘመዱን ይዤ ስሄድ ግን አንዳንዴ እደርስበታለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ለገደል፣ ዓሣ ለምን? በዛለው ቀኝ እጄ ጽፌ ሳሳያት፣ እንዴት አወቅሽ ትለኛለች። እናቴ ልጄን አታድክሚያት ብላ ትቆጣ ነበር። እኔም የማለቅስበት ቀን ነበር። በአንድ ቀን ሦስት ጥንድ ከሞላሁ ትልቅ ነገር ነው።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እንዲህ የሚል ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ፦ ሸማኔ ለነጠላ፣ ቀጥቃጭ ለቢላዋ፣ ባዶ ቦታ ለእንስራ። ምንም አስባ አልነበረም፤ ሠሪንና ሥራውን የሚያገናኝ ገጽ ነበር። እርሳሴን አንስቼ ሳላመነታ "ታንጉት" ብዬ ጻፍኩ።

ሁለታችንም ወረቀቱን አየነው። መምህርቷ ሸክላ ሠሪ የሚለውን ነበር የጠበቀችው። እኔ ከላይ ያሉትን ሁለቱን እንደገና አነበብኩ። ሸማኔ። ቀጥቃጭ። በታመምኩበት ሰሞን ከአፌ ያመለጡኝ ቃላት ናቸው። ነጠላውን ፈልጌ ሠሪውን፣ ቢላዋውን ፈልጌ ሠሪውን ጠርቻለሁ። ያን ቀን ደግሞ እንስራውን ነበር የፈለግሁት። እየቆራረጥኩ ነገርኳት። መምህርት ዘነበች እርሳሷን አስቀመጠች።

ያልተፈታው የመትፋቷ ነገር ነበር። ስትተፋብኝ ለምን ተሻለኝ? እሷ አልመለሰችልኝም፤ እንደ ልማዷ ጥንድ ሰጠችኝ። ጭስ ለእሳት እንደሆነ የዶሮ ጩኸት ለንጋት ነው? ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጭስን እሳት ያመጣዋል። ንጋትን ግን ዶሮ አያመጣውም፤ አብረው ይገናኛሉ እንጂ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው መግል ለብዙ ቀን ሲበስል ቆይቶ የሚፈነዳበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

በመስከረም መምህርቷ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረች። አንድ ሙሉ ደብተር ጥንድ ጽፋ ተወችልኝ፤ አራተኛው ቃል በየመስመሩ ባዶ ነው። ክፍሏ ተዘጋ። ደብተሩን ብቻዬን እየሞላሁ መልሴን ለራሴ፣ ለምን እንደሆነም ለራሴ አስረዳ ነበር። እንዴት አወቅሽ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ራሴው ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ። እናቴ ከደጅ ሆና ስትሰማኝ ታማትብ ነበር።

ኅዳር ላይ እናቴ ለመዳኔ የማርያምን ዝክር ደገሰች። የንስሐ አባታችን ባርከው፣ ሰው በልቶ ሲጠጣ አያ አዛናው ተነሡና እኔን ከሞት፣ ቤታችንንም ከክፉ ዓይን ላወጣ አምላክ ምስጋና አቀረቡ። የታንጉትን ስም አልጠሩም። መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ዝም ካልኩ ለዘላለም ዝም እንደምል ገባኝ። በእግሬ መሄዴን አላስታውስም፤ ብቻ መካከላቸው ነበርኩ።

"ታንጉት አልበላችኝም" አልኩ። "ጠምቶኝ ነበር።"

አንዱ ጎልማሳ ይሄው፣ ዛሬም አለቀቃትም አለና አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ደብተሩን በዓይነ ልቡናዬ እያየሁ በመስመር በመስመር ሄድኩ። ነጠላ ስፈልግ ሸማኔ እንዳልኩ፣ ቢላዋ ስፈልግ ቀጥቃጭ፣ እንስራ ስፈልግ ደግሞ የሠራችውን እንደጠራሁ ተናገርኩ። አንዳንዱን ቃል ለማግኘት ብዙ ቆምኩ። አያ አዛናው ፊታቸው ጠቁሮ፣ ታዲያ ስትተፋብሽ ለምን ተሻለሽ አሉኝ።

"ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል" አልኳቸው። "ባይጮኽስ አይነጋም?"

ማንም አልሳቀም። ካህኑ ጽዋቸውን አስቀምጠው ወደ እናቴ ዞሩና፣ ሸማኔ የምትለውን አንቺ ሰምተሻል ወይ ብለው ጠየቁ። እናቴ ወንድሟን አንዴ አየቻቸው።

"ሰምቻለሁ" አለች። "ስቄባታለሁ። ቀጥቃጭ ስትልም ስቄባታለሁ።"

አያ አዛናው ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ከቀሩት አንዳንዶቹ አመኑ፣ አንዳንዶቹ አላመኑም። ካህኑ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሐሜት ሰበኩ። እኔ ያን ሳልሰማ ወደ ደባርቅ ተሳፈርኩ።

ታንጉትን ያገኘኋት ከከተማው ዳር፣ ወደ ገደሉ በኩል ባለች ጎጆ ነው። ነፋሱ ከስሜን ተራሮች በቀጥታ ይመጣል። ደጇ ላይ ተቀምጣ ድስት በጠጠር ታለሰልስ ነበር። በዙሪያዋ የደረቁ ድስቶች ተደፍተዋል፤ የሁሉም ሥር ልሙጥ ነው። አንዱም ላይ ስም የለም። ቀና ብላ አየችኝ።

"መምህሬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትጠሪ መጣሽ?"

"እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኳት።

እርስዎ ስላት ጠጠሩ እጇ ላይ ቆመ። ከዚያ ማለስለሷን ቀጠለች። ከእንስራው ጀምሬ እስከ ዝክሩ ድረስ ነገርኳት። ቃል ሲጠፋኝ አልረዳችኝም፣ አላጣደፈችኝም፤ ትጠብቀኝ ነበር። ስጨርስ ሰሙሽ ወይ አለችኝ። ግማሾቹ አልኳት። ሳቅ አለች፤ ከግማሽ ሰው ጋር እንዴት ይኖራል፣ ዳባት አልመለስም አለች። አልለመንኳትም። እውነቷን ነበር።

ልነሣ ስል ያዝ አደረገችኝ።

"ቆይ፤ ያን ዕለት ውኃውን ሰጡሽ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየኝ ሐኪም፣ እናቴ፣ መምህርቷ፣ በዝክሩ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

"አልሰጡኝም" አልኳት።

ጭቃዋን በቀሚሷ ጠራርጋ ገባች። ከእንስራው ቀድታ የራሷን መጠጫ፣ ጥቁር የሸክላ ኩባያ፣ ሞልታ ይዛልኝ መጣች። አልጠማኝም ነበር። ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ኩባያውን ልመልስላት ስደፋው ከሥሩ አራት ፊደላት ተጭረውበታል፤ ሦስተኛዋ ፊደል ቅጥያዋ በተቃራኒው ዞሯል።